ጀርባውን የሚያዞር ረዳት

ለዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወረቀትና እስክሪብቶ ብትይዙ መልካም ነው። መኪና እየነዳችሁ የምታዳምጡን ግን እጃችሁ ከመሪው አይነሳ፤ ዋና ዋናውን ነገር ደጋግሜ እለዋለሁ።

ባለፈው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ጎረቤቴ ቤት ተጠራሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። 30 ዓመት ያህል ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጃቸው አግባብቷቸው ቢትኮይን ገዝተው ነበር፤ እስካሁን የተቀመጠው በአንድ መገበያያ ድርጅት ሒሳብ ውስጥ ነው። ልጁ ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት ሲሄድ አንዲት ትንሽ ካርቶን አስረክቧቸው ሄደ። ካርቶኗ ውስጥ የመኪና ቁልፍ የምታህል መሣሪያ፣ አጭር ገመድና ባዶ መስመር ያለባቸው ካርዶች አሉ። ጋሼ ካርቶኗን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ «አንተ የኮምፒውተር ነገር ታውቃለህ። ቁጭ በልና ጨርስልኝ፤ ቡናው እስኪፈላ ያልቃል» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ። ግን አንድ ቦታ ስንደርስ ጀርባዬን አዞራለሁ። ያን ጊዜ ብቻዎን ነው የሚሠሩት።»

«ለምን? አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?»

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ከመሣሪያዋ እንጀምር። ሃርድዌር ዋሌት ይሏታል። ዋሌት የኪስ ቦርሳ ማለት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡ እውስጧ የተቀመጠ ይመስለዋል። ውስጧ ገንዘብ የለም። ቢትኮይን ማለት መዝገብ ነው፤ ማን ስንት እንዳለው የሚያሳየው ይህ መዝገብ በዓለም ዙሪያ በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። ባለቤት መሆን ማለት በዚያ መዝገብ ላይ «ከእኔ ወደ እገሌ ይዛወር» ብሎ መፈረም መቻል ነው። ፊርማውን የሚያወጣው ደግሞ የምስጢር ቁልፍ የሚባል በጣም ትልቅ ቁጥር ነው።

የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ታስታውሳላችሁ? ደብዳቤው ማኅተሙ ወዳለበት ክፍል ይገባል፣ ተመትቶበት ይወጣል፤ ማኅተሙ ግን ከክፍሉ አይወጣም። የዚች መሣሪያ ሥራም ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ ሊፈረም የሚገባውን ወረቀት ያቀርባል፣ እሷ ውስጥ ውስጡን ፈርማ ትመልሳለች፣ ቁልፉን ግን ለኮምፒውተሩ አታሳይም። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ቢኖርበት እንኳ ማኅተሙ ላይ አይደርስም። የመጀመሪያዋ ለገበያ የበቃችው መሣሪያ ትሬዞር ትባላለች፤ የተሠራችው ቼክ ሪፐብሊክ ፕራግ ውስጥ ሲሆን ገበያ ላይ የዋለችው በ2014 ነው። ዛሬ ዓመተ ምሕረት የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ። ትሬዞር በቼክ ቋንቋ ካዝና ማለት ነው። በዚያው በ2014 ፓሪስ ላይ ሌጀር የሚባለው ኩባንያ ተመሠረተ። ዛሬ ሌሎችም ብዙ አምራቾች አሉ።

«ታዲያ ድርጅቱ ዘንድ ቢቀመጥ ምን አለበት?» አሉ ጋሼ። እውነተኛ ጥያቄ ነው። የእቁብ ገንዘብ በዳኛው እጅ እንደሚከማች ነው፤ ዳኛው ደህና ሰው ከሆነ ደህና፣ ካልሆነ ግን ሁሉም አባል አብሮ ይወድቃል። ቶኪዮ የነበረው ማውንት ጎክስ የተባለ መገበያያ ድርጅት በ2014 ሲከስር ጠፋ የተባለው ወደ 850 ሺህ ቢትኮይን ነበር። በኅዳር 2022 ኤፍቲኤክስ የተባለው ሌላ መገበያያ ሲወድቅም ደንበኞች ገንዘባቸውን ማውጣት አቅቷቸው ቆመው ቀርተዋል። መሣሪያዋን የሚገዙ ሰዎች የሚሸሹት ይህንን ነው።

ግን ልብ በሉልኝ። ገንዘቡን በራሳችሁ እጅ ስትይዙ፣ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁት» ብላችሁ የምትደውሉለት ባንክ የለም። ወረቀት የሚጠፋበት፣ ቁልፍ በሳምንት ሁለቴ የሚፈልግ ሰው፣ ያለውም ገንዘብ ትንሽ ከሆነ፣ በሕግ ቁጥጥር ሥር ባለ ድርጅት ዘንድ ቢተወው ይሻለዋል ባይ ነኝ። ይህን ለጋሼም ነገርኳቸው። «እኔ ከ1991 ጀምሮ የነዳጅ ደረሰኝ አልጣልኩም» አሉኝ። እንግዲህ እንቀጥል አልን።

ከመቀጠሌ በፊት አገር ቤት ሆናችሁ ለምታዳምጡን አንድ ነገር ልበል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓመተ ምሕረት፣ ይህ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንደ ቢትኮይን ባለ ክሪፕቶ መገበያየትና ክፍያ መፈጸም እንዳልተፈቀደ አስታውቋል። የዛሬው ንግግሬ በሚኖሩበት አገር ሕግ መሠረት ለያዙ ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ካርቶኗ። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው «ልጅዎ ከየት ገዛት?» ብዬ ነው። ስልክ ደውለን ጠየቅነው፤ ከአምራቹ ከራሱ ነው። ሌላ መልስ ቢሰጠን ኖሮ ነገሩን እዚያው አቆመው ነበር። ይህን የምለው ያለምክንያት አይደለም። በ2018 መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ አገር አንድ ሰው ኢቤይ ላይ ከሌላ ሻጭ መሣሪያ ገዛ። ካርቶኑ ውስጥ እንደ ሎተሪ ተፍቆ የሚነበብ ካርድ ነበር፤ ሲፍቀው 24 ቃላት ወጡ። ሰውየው ከፋብሪካው የመጡ መሰለው፣ በእነሱ ከፈተና ያጠራቀመውን ሁሉ አስገባ። ቃላቱን ያሳተመው ሌባው ነበርና ብዙ ሳይቆይ ሒሳቡን ባዶ አደረገው። መሣሪያው ራሱ ምንም አልተነካም ነበር።

በ2023 ደግሞ ካስፐርስኪ የተባለው የሩሲያ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የመረመረው መሣሪያ ከዚህም የረቀቀ ነበር። ውጭውን ቢያዩት እውነተኛ ትሬዞር ነው፤ የማሸጊያው የሚያብረቀርቅ ምልክት ሳይቀር በቦታው አለ። ሲከፈት ግን ውስጡ በሁለት በኩል በሚጣበቅ ፕላስተር ተይዟል፣ ዋናው ቺፕም ተቀይሯል። ባለቤቱ አዲስ ቃላት የተፈጠሩለት መስሎት ሳለ፣ መሣሪያው ሌቦቹ አስቀድመው ካዘጋጇቸው 20 የቃላት ስብስቦች አንዱን ነበር የሰጠው። 1.33 ቢትኮይን ሄደበት፤ ገንዘቡ በተወሰደበት ሰዓት መሣሪያው ከኮምፒውተር ጋር እንኳ አልተገናኘም ነበር።

ስለዚህ አድማጮቻችን፣ ከአምራቹ ወይም አምራቹ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ከጠቀሰው ወኪል ብቻ ግዙ። ያገለገለ አትግዙ። ሻንጣ ይዞ ከሚመጣ ሰው፣ «ረከስ አርጌ ልስጥህ» ከሚል ወዳጅም አትቀበሉ። ማሸጊያው ደህና መሆኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። አዲስ መሣሪያ ስትከፍቱት ባዶ መሆን አለበት። ፒን ቁጥር ተሞልቶለት ከመጣ፣ ወይም ቃላት ተጽፈው ከመጡ፣ ሌባ ቀድሟችሁ ነክቶታል። ይህን ደግሜ ልበለው፤ ቃላት ተጽፈው ከመጡ የሌባ ናቸው።

ቀጥሎ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው አፕሊኬሽን ነው። ጋሼ ጎግል ላይ ሊፈልጉ ጣታቸውን ሲያነሱ ያዝ አደረግኳቸው። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ተከፍሎበት የመጣ ማስታወቂያ ነው፤ ሌቦችም ይከፍላሉ። አድራሻውን ካርቶኑ ላይ ከታተመው አይተው፣ ፊደል በፊደል በራሳቸው እጅ ጻፉት። አፕ ስቶር ላይ መገኘቱም ዋስትና አይሆንም። በ2021 ዋሽንግተን ፖስት እንደዘገበው፣ አንድ ሰው ከአፕል መደብር ትሬዞር የሚል አፕ ጫነ፤ ትሬዞር በዚያ ጊዜ ለአይፎን ያወጣው አፕ አልነበረም። ሰውየው ቃላቱን እስኪያስገባ ድረስ ነው ሌቦቹ የጠበቁት። 17.1 ቢትኮይን፣ በዚያን ጊዜ ዋጋ ወደ 600 ሺህ ዶላር፣ ጠፋበት።

አፕሊኬሽኑ ከተጫነ በኋላ መሣሪያዋ እውነተኛ መሆኗን ይመረምራል፤ የውስጥ ፕሮግራሟንም ያድሳል። ይህ እስኪያልቅ መታገሥ ነው። ከዚያ ፒን ቁጥር። የልደት ዓመት፣ የቤት ቁጥር፣ ለባንክ ካርዳችሁ የምትጠቀሙበት ቁጥር አይሁን። ፒኑ የሚጠብቀው መሣሪያዋን ያገኘ ወይም የሰረቀ ሰው እንዳይከፍታት ነው። ሌጀር 3 ጊዜ ከተሳሳቱበት፣ ትሬዞር ደግሞ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ከተሳሳቱበት ውስጡን ራሱ ያጠፋዋል። የልጅ ልጅ አንስቶ ቢነካካና ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ቃላቱ ካሉ ሁሉም ይመለሳል።

ቃላቱ። አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን።

መሣሪያዋ ያንን ትልቅ የምስጢር ቁጥር በዘፈቀደ ታወጣለች። ቁጥሩን ሰው ሊጽፈው አይችልም፤ ይሳሳታል። ስለዚህ በ2013 የተዘጋጀ አንድ የጋራ ዝርዝር አለ፤ 2048 ቀላል የእንግሊዝኛ ቃላት ያሉት። ዝርዝሩ «አባንደን» በሚለው ቃል ይጀምርና «ዙ» በሚለው ያበቃል። መሣሪያዋ ቁጥሩን ወደ 12 ወይም 24 ቃላት ለውጣ ታሳያችኋለች። 12 ቢሆኑም አትናቋቸው፤ ሊሆኑ የሚችሉት ስብስቦች ብዛት ባለ 39 አሃዝ ቁጥር ነው። ማንም በግምት አይደርስበትም። እነዚያን ቃላት በቅደም ተከተል የያዘ ሰው ግን በየትኛውም አገር፣ በሌላ አዲስ መሣሪያ፣ ያለ ፒን፣ ያለ መታወቂያ፣ ገንዘቡን ያነሳል። መሣሪያዋ ብትሰበር፣ ብትሰምጥ፣ ብትሰረቅ ሌላ ይገዛል። ቃላቱ ናቸው ገንዘቡ።

አንድ ወዳጄ ቃላቱን እንዳይረሳ ራሱ ከመዝሙረ ዳዊት መርጦ ሊያስገባ አስቦ ነበር። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ልጅ ሆኖ በቃሉ ያጠናው ነው። ነገር ግን ሌቦች በመጻሕፍት ያሉ ዓረፍተ ነገሮችን ሁሉ በኮምፒውተር እየሞከሩ ሰው በራሱ የመረጠውን ቁልፍ ሲበረብሩ ዓመታት አልፈዋል። ምርጫውን ለመሣሪያዋ ተዉት።

እዚህ ላይ እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። የቃላቱ ዝርዝር በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሌሎችም ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል፤ በአማርኛ የለም። ስለዚህ ጋሼ የሚያዩት እንግሊዝኛ ነው። እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው በግዕዝ ፊደል ሊጽፉት ጀመሩ፤ የስልክ መልእክትም የሚጽፉት እንደዚያው ነው። «ጋሼ፣ በላቲን ፊደል፣ ስክሪኑ ላይ እንዳለው» አልኳቸው። ምክንያቱም ቀኝ ማለት የሆነው «ራይት» እና ጻፍ ማለት የሆነው «ራይት» ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ሰላም ማለት የሆነው «ፒስ» እና ቁራጭ ማለት የሆነው «ፒስ»ም እንዲሁ። በእኛ ፊደል ሲጻፉ አንድ ናቸው፤ ከ5 ዓመት በኋላ የትኛው እንደነበር ማን ያስታውሳል? በላቲን ፊደል ግን የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ 4 ፊደላት ከሌላው ቃል ሁሉ የተለዩ እንዲሆኑ ተደርጎ ነው የተመረጠው። መጀመሪያዎቹን 4 በትክክል የጻፈ ሰው ድኗል። በትልልቁ፣ በእስክሪብቶ፣ ከ1 እስከ 24 ቁጥር እየሰጣችሁ ጻፉ። እርሳስ ይደበዝዛል።

ጀርባዬን ያዞርኩት እዚህ ላይ ነው። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ። ጋሼ ሳቁ። «አሁን አንተ ትሰርቀኛለህ ብዬ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ነገ አንድ ነገር ቢጎድል፣ ከእርስዎ ሌላ ያየው እኔ ብቻ እሆናለሁ። ያኔ እርስዎ እኔን ከመጠርጠር አይድኑም፣ እኔም ንጹሕነቴን የማሳይበት መንገድ የለኝም። ደግሞ እኔ ባልሰርቅ እንኳ፣ ዓይኔ ያየውን ከአእምሮዬ ማውጣት አልችልም።»

ይህን ነገር ከልቤ ነው የምላችሁ። እኛ አገር ወግ አለን፤ ቅጹን የሚሞላልን፣ ደብዳቤውን የሚያነብልን፣ ስልካችንን የሚያስተካክልልን የሰፈር ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድም አለ። ደግ ወግ ነው፤ በዚህ አገር ያቆመን እሱ ነው። በዚህች 10 ደቂቃ ብቻ ግን ረዳቱ ይውጣ። እናንተም ረዳት ከሆናችሁ ሳትጠየቁ ተነሱ፤ ባለቤቱ አፍሮ «ውጣ» ሊላችሁ አይችልምና። «ችግር የለም፣ እኔው ልጻፍልዎ» የሚል ረዳት ካለ ደግሞ ሥራውን አቁሙና ሌላ ቀን ቀጥሉ።

ጋሼ ሲጽፉ ቃላቱን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «በልብዎ!» አልኩ ከመስኮቱ ሳልዞር። ድምፅ የሚሰማ ስልክ ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ልጃቸው ያስገባላቸው የደኅንነት ካሜራም ጣሪያው ጥግ ላይ አለ። ካሜራውን ነቀልነው፤ ስልኮቻችንን ሌላ ክፍል አስቀመጥን።

ፎቶ ማንሳትስ? በፍጹም። ስልካችሁ ብዙ ጊዜ ፎቶውን ወዲያው ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ይልከዋል። በየካቲት 2025 ካስፐርስኪ ስፓርክካት ብሎ የሰየመውን ተንኮለኛ ፕሮግራም አግኝቷል፤ በጎግልም በአፕልም መደብር ውስጥ ባሉ አፖች ተደብቆ የሰውን የፎቶ አልበም እየበረበረ፣ ምስል ላይ ያለ ጽሑፍ እያነበበ፣ እነዚህን ቃላት ነበር የሚፈልገው። ስለዚህ ፎቶ የለም፣ ስክሪንሾት የለም፣ ለራስ በቴሌግራም መላክ የለም፣ ኢሜይል ረቂቅ ውስጥ ማስቀመጥ የለም። ቃላቱ የሚነኩት ወረቀትንና የመሣሪያዋን ስክሪን ብቻ ነው። በኮምፒውተርም ሆነ በስልክ ኪቦርድ ላይ አይጻፉም።

ጋሼ ጽፈው ጨረሱ። ቡናውም ፈልቶ ነበር። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይቆምና ገንዘቡን በሙሉ ይልካል። እኛ ግን ከዚህ በኋላ ያደረግነው ሙከራ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከሁሉ የሚበልጥ ነው።

ከድርጅቱ ሒሳብ 20 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ብቻ ወደ መሣሪያዋ ላክን። መላኪያ አድራሻው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ኮምፒውተሩ የሚያሳየውን አድራሻ አትመኑ፤ መሣሪያዋ በራሷ ትንሽ ስክሪን የምታሳየውን እመኑ። ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉ አድራሻውን በራሱ አድራሻ የሚተካ ቫይረስ አለ። አንዳንዱ ሌባ ደግሞ መጀመሪያውና መጨረሻው የእናንተን የሚመስል አድራሻ ያዘጋጃል፤ በግንቦት 2024 አንድ ሰው እንዲህ ባለ አድራሻ ተታሎ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ልኮ ነበር። አብዛኛው በኋላ ተመልሶለታል፤ ይህ ግን ብርቅ ዕድል ነው። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር አንብቡት። ጋሼ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ 2 ደቂቃ ፈጀ።

20 ዶላሩ ሲደርስ «አሁን መሣሪያዋን ሆን ብለን እናጥፋት» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ግን ልብ በሉ፤ ወረቀቱ ላይ ስሕተት ካለ፣ የተላከው 20 ዶላር ብቻ ሳለ ብናውቀው አይሻልም? የተሳሳተ ፒን ደጋግመው አስገቡ፣ መሣሪያዋ ውስጧን አጠፋች፣ እንደ አዲስ ተነሳች። «የነበረ ዋሌት መልስ» የሚለውን መርጠው ከወረቀቱ ላይ ቃላቱን በመሣሪያዋ ላይ አንድ በአንድ አስገቡ። እኔ አሁንም ወደ መስኮቱ ዞሬያለሁ። «ልክ አይደለም ይላል» አሉ። የመጨረሻው ቃል ውስጥ ሌሎቹን የሚያረጋግጥ ስሌት ስላለበት፣ መሣሪያዋ ስሕተት መኖሩን አብዛኛውን ጊዜ ታውቃለች፤ የትኛው ቃል እንደሆነ ግን አትናገርም። ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው ወረቀቱን ከላይ ጀመሩት። ስሕተቱ የወረቀቱ አልነበረም፤ ሲያስገቡ አንዱን ቃል በሌላ ቃል ተሳስተው ነበር። በሁለተኛው ሙከራ 20 ዶላሩ ተመለሰ። ቀሪውን ገንዘብ የላኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወረቀቱ የት ይቀመጥ? ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ እሳትን አስቡ፤ ውሃንም አስቡ። ቃላቱ የሚቀረጹበት የብረት ሰሌዳ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ዋጋው ይገባዋል። ሁለት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት የተለያየ ቤት ወይም በባንክ ኪራይ ሣጥን። መሣሪያዋና ወረቀቷ አንድ መሳቢያ ውስጥ አይደሩ፤ ሌባ ሁለቱንም አንድ ላይ ካገኘ ፒኑ ምን ይጠቅማል? ወረቀት ጠፍቶበት ለተቸገረ ሰው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ምሳሌ አለ። ስቴፋን ቶማስ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ 7,002 ቢትኮይን የሚከፍት ቁልፍ የያዘ ፍላሽ አለው፤ የይለፍ ቃሉን የጻፈበት ወረቀት ጠፋ። ፍላሹ 10 ጊዜ ብቻ ነው የሚያስሞክረው፤ ታሪኩ በ2021 በኒው ዮርክ ታይምስ ሲወጣ 8ቱን ጨርሶ ነበር።

ከቃላቱ በተጨማሪ ራስ የሚመርጠው ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማስገባት ይቻላል። ጥሩ መከላከያ ነው፤ ነገር ግን ከተረሳ 24ቱ ቃላት ብቻቸውን ምንም አይከፍቱም። ለጋሼ አልመከርኳቸውም። ለጀማሪ ከሌባ ይልቅ መርሳት ይቀርበዋል።

ስለ ደዋዮችና ደብዳቤ ላኪዎችም ልንገራችሁ። በ2020 የሌጀር የደንበኞች መዝገብ ሾልኮ ወጣ፤ ወደ 1 ሚሊዮን የኢሜይል አድራሻ፣ ከዚያም ውስጥ የ272 ሺህ ያህል ሰዎች ስም፣ የቤት አድራሻና ስልክ ነበረበት። ቁልፎቹ አልተነኩም። ሌቦቹ ግን ማን መሣሪያ እንዳለው አወቁ። በ2021 ለአንዳንዶቹ «አሮጌው ችግር ስላለበት ይህን ይጠቀሙ» የሚል ደብዳቤና የተነካካ መሣሪያ በፖስታ ደረሳቸው። በ2025ም በፖስታ የሚመጣ፣ ኪውአር ኮድ ያለበት፣ 24ቱን ቃላት አስገቡ የሚል ደብዳቤ ሲዞር ነበር። አምራቹ ቃላቱን አይጠይቅም። ባንክ አይጠይቅም፣ ፖሊስ አይጠይቅም፣ የድጋፍ ሰጪ ሠራተኛ አይጠይቅም። በአማርኛ፣ «እንደምን አሉ እማማ» ብሎ በትሕትና ቢደውልም የጠየቀው ሁሉ ሌባ ነው።

በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር፣ በሠርግ ላይ ስለያዛችሁት መጠን አታውሩ። በጥር 2025 ከሌጀር መሥራቾች አንዱ ዴቪድ ባላንድ ፈረንሳይ ውስጥ ከቤቱ ታፍኖ፣ ጣቱ ተቆርጦ ቤዛ ተጠይቆበታል፤ ፖሊስ ነው ያስለቀቀው። መሣሪያዋ ጉልበት ካለው ሰው አታስጥልም። ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ ሰው አለማወቁ ነው።

የቀረን ጉዳይ አንድ ነው፤ እሱም እትዬ ናቸው፤ የጋሼ ባለቤት። ቡናውን ሲቀዱ ቆይተው «እሱ ቢያመውስ? እኔ ይቺን ነገር ምን አደርጋታለሁ?» አሉ። ማንም ያላነሳው፣ እኔም የረሳሁት ጥያቄ ነበር። ጋሼ በዚያው ምሽት በአማርኛ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። መሣሪያዋ ምን እንደሆነች፣ ወረቀቱ የት እንዳለ፣ አፕሊኬሽኑ ከየት እንደሚወርድ፣ ለማን እንደማይነገር። ቃላቱን ደብዳቤው ላይ አልጻፉም፤ ያሉበትን ቦታ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ጋሼን ሳሎን አስቀመጥናቸው፤ እንዳይናገሩ ቃል አስገባናቸው። ልጃቸው ሁለተኛ መሣሪያ ከአምራቹ አስልኮላቸው ነበር፤ እሷን ከፊታቸው አድርገው፣ እትዬ ደብዳቤውን እያነበቡ ወረቀቱን ካለበት አመጡ። እኔ እንደተለመደው ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ውጭ በረዶው ሟሙቶ መንገዱ እርጥብ ነበር። የመሣሪያዋ ቁልፍ ሲጫን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው፤ ወደ 40 ደቂቃ ሄደ። አንዴ ብቻ «ይሄ ኤም ነው ኤን?» ብለው ጠየቁኝ፤ «አያሳዩኝ፤ ራስዎ ከስክሪኑ ያመሳክሩ» አልኳቸው።

ከዚያ ድምፁ ቆመ።

«መጣ?» አሉ ጋሼ ከሳሎን።

«መጣ» አሉ እትዬ፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው እየከተቱ።